ኒማችን የተመሰገነ ዕለት

ጥላ የሚለውን ቃል ደገኛ ሲናገረውና የጋምቤላ ሰው ሲናገረው አንድ አይደለም። ለደገኛ ጥላ ማለት ዝናብ ሲመጣ የሚዘረጋ፣ ዝናቡ ሲያባራ አውቶቡስ ውስጥ ተረስቶ የሚቀር ዕቃ ነው። እኛ ዘንድ ጥላ አድራሻ ነው። «የት ልምጣ?» ብትሉኝ የቤት ቁጥር አልነግራችሁም፤ ኖሮኝም አያውቅም። «ሰይድ ሱቅ ፊት ካለው የኒም ዛፍ ሥር ጠብቁኝ» እላችኋለሁ። እናንተም ትጠብቁኛላችሁ፣ እኔም እዘገያለሁ፣ እናንተም አትቀየሙኝም። ከጥላው ወጥቶ መሄድ ከእኔ መዘግየት የባሰ ነዋ!

ከመሃል አገር ለሥራ የሚመጣ ሰው ይህን ቶሎ አይረዳም። ከአውሮፕላን ሲወርድ ኮትና ከረባት አድርጎ ነው። በማግስቱ ከረባቱን አታዩትም። ትንሽ ቆይቶ ኮቱም ይጠፋል። ከዚያ በኋላ ያለው ልብስ እንዳይከተል፣ የመጣበት ጉዳይ በድንገት ይጠናቀቅና ወደ አገሩ ይመለሳል። እኔ ራሴ ለአጭር ጊዜ ተብዬ በአስተማሪነት ተመድቤ ስመጣ የሱፍ ሹራብ ይዤ ነበር። የሱፍ ሹራብ! አሁንም ሣጥኔ ውስጥ አለ፤ ብል እንኳ ሙቀቱን ፈርቶ አልነካውም።

እንግዲህ እንዲህ ባለ ከተማ የመንገድ ዳር ዛፍ የሚቆርጥ ሰው ይገኛል ብላችሁ ትጠረጥራላችሁ? እኔም አልጠረጠርኩም ነበር። ለዚያ መጀመሪያ ክልል መሆን ነበረብን።

አትሳሳቱብኝ፤ ክልል መሆናችንን አልጠላሁም። ትናንት የኋላ ወንበር ላይ ሆኖ ሲያንቀላፋ ጠመኔ የወረወርኩበት ልጅ ዛሬ በመንግሥት መኪና መስኮት እጁን ሲያውለበልብልኝ ደስ ይለኝ ነበር። የአገሬው ልጅ በአገሩ ጉዳይ ሲወስን ማየት፣ ምን ይወጣለታል? ችግሩ ሌላ ነው። ችግሩ ታፔላው ከቢሮው ቀድሞ መወለዱ ነው። በዚያ ሰሞን ወንበር የሌለው ቢሮ ነበር። ጠረጴዛ የሌለው ቢሮ ነበር። ሠራተኛው ማን እንደሆነ ገና ያልታወቀ ቢሮም ነበር። ታፔላ የሌለው ቢሮ ግን በአምፖል ተፈልጎ አይገኝም። አንዳንዱ ታፔላ ከቢሮው በር ይሰፋ ስለነበር፣ ሰው ወደ ውስጥ ሲገባ ቢሮው የታፔላው ጀርባ ይመስለው ነበር።

ከነዚህ አንዱ ቢሮ በእኛ ሰፈር መስቀለኛ መንገድ ላይ ያለው የድሮ እህል መጋዘን ተሰጠው። ስሙን አልነግራችሁም፤ ስሙ ረጅም ነው፣ ደግሞም ቶሎ ቶሎ ይቀየር ነበር። ታፔላው ተሠርቶ፣ በአዲስ ቀለም ተጽፎ ግድግዳው ላይ ተሰቀለ። ግን ከመንገድ ሆኖ ማንም ሊያነበው አልቻለም። ከፊቱ የማማ አቻን ኒም ቆሟል።

ማማ አቻንን ላስተዋውቃችሁ። የአኙዋ ሴት ናት፤ ቁመቷ ረጅም፣ አቀማመጧ ቀጥ ያለ፣ ሳቋ ድንገተኛ። ባሏ በባሮ ወንዝ ላይ በጀልባ ሰው እያሻገረ የኖረ ሰው ነበር። እሱ ካረፈ ጀምሮ በዚያ ኒም ሥር ጭስ የጠገበ ዓሣና ማንጎ እየሸጠች ትኖራለች። እኔ መጀመሪያ የመጣሁ ጊዜ በደጋ ወጌ መሠረት «እርስዎ» ብያት፣ ከኋላዋ ሌላ ሰው ያለ መስሏት ዞራ አይታለች። ከዚያ ወዲህ «አንቺ» ነው የምላት፤ ማማነቷ ግን በዚያ አልተቀነሰም። አማርኛዋ አጭር ነው፤ ለምርቃት የሚጨመር ቃል አይገኝበትም።

ዛፉን ያሳደገችው እሷ ናት። በደርግ ጊዜ አንድ ቀን ታላቅ የችግኝ ተከላ ዘመቻ ተደረገ። ሰልፍ ነበረ፣ ከበሮ ነበረ፣ መፈክር ነበረ፤ የተተከለው ችግኝ ደን ነው ተብሎ ተጨበጨበለት፤ ሁሉም እጁን ታጥቦ ወደ ቤቱ ሄደ። በማግስቱ ፍየሎቹ መጡ። ፍየሎቹ መፈክሩን አልሰሙም ነበር። ችግኙን ከጫነው መኪና ላይ ወድቀው፣ ከነፕላስቲካቸው መንገድ ዳር የተረሱ ጥቂት የኒም ችግኞች ግን ነበሩ። አቻን ከእነሱ አንዱን አንስታ በተቀመጠችበት ቦታ ተከለችው። ከባሮ በራሷ ተሸክማ ከምታመጣው ውሃ አጠጣችው፤ በእሾህ አጠረችው፤ የፀሐዩ ነገር ሲብስ ነጠላ ጨርቋን ጋረደችለት። ጎረቤቶቿ አይተው ሳቁባት። ከዚያ ቀሪዎቹን ችግኞች አንድ በአንድ እየወሰዱ በየደጃፋቸው ተከሉ።

እንዲህ ነው ሰፈራችን ጥላ ያገኘው። በዘመቻ የተተከለው ሁሉ ሞቶ፣ ሪፖርት ያልተደረገበት ዳነ። ከመስቀለኛው መንገድ ጀምሮ ቁልቁል፣ የአቻን ኒም፣ የሰይድ ኒም፣ የክሊኒኩ ኒም እየተባለ እስከ እኔ ደጃፍ ይደርስ ነበር። የክሊኒኩ ሥር ልጅ የታቀፉ እናቶች ወረፋ ይጠብቃሉ። የሰይድ ሥር ሽማግሌዎች የተጣላ ያስታርቃሉ። ወባ የያዘው ቅጠሉን ይቀቅላል፤ ጥርሱን የሚያከብር ቅርንጫፉን ይሰብራል። የእኔው ሥር የተማሪ ፈተና አርማለሁ፤ ተማሪውም ከጎኔ ተቀምጦ ለምን እንደወደቀ ይከራከረኛል።

ታዲያ አንድ ቀን ከማዕከል ከፍተኛ እንግዶች እንደሚመጡ ተሰማ። እንግዳ ሲመጣ ቤት ይጠረጋል፤ ይህ ያለ ነው። ከተማችንን እንዲጠርግ ኃላፊነት የተሰጠው ደግሞ ኡመድ ነበር። ኡመድ ተማሪዬ ነው፤ ያው ጠመኔ የወረወርኩበት። የከተማው የውበት ጉዳይ ኃላፊ ሆነ ሲሉኝ አልገረመኝም፤ በተማሪነቱም ፀጉሩን ሳያበጥር ክፍል አይገባም ነበር። ልጁ ክፉ አይደለም። ሥልጠና ደርሶት ነው።

ኡመድ የሰፈሩን ሰው ለስብሰባ ጠራ። አዳራሹ እንደ ምጣድ ስለጋለ ስብሰባው የት ሆነ መሰላችሁ? አቻን ኒም ሥር! አጀንዳው ምን ነበር? የኒሙ መቆረጥ። ሰው ሁሉ ወንበሩን፣ ድንጋዩን፣ ጄሪካኑን ይዞ መጥቶ በጥላው ውስጥ ተጠጋግቶ ተቀመጠ። ኡመድም በጥላው መሃል ቆሞ፣ የከተማችንን ገጽታ የጋረዱ ዛፎች ለልማቱ እንቅፋት እንደሆኑ፣ እንግዶች ሲመጡ ቢሮዎቻችን በግልጽ መታየት እንዳለባቸው ማስረዳት ጀመረ። ፀሐይዋ እየዞረች ነበርና ጥላው ሲሸሽ ተሰብሳቢውም ወንበሩን እየጎተተ ይከተለዋል። ኡመድም ይከተላል። ንግግሩ ሳይቋረጥ ከግንዱ በስተግራ ተጀምሮ በስተቀኝ አለቀ።

አስተያየት ተጠየቀ። አንድ ማን እንዳመጣው ያላወቅነው፣ ሸሚዙ ኪስ ላይ ብዙ እስክሪብቶ የሰካ ሰው ተነሣ። «ከመወሰናችን በፊት መጣራት ያለበት ነገር አለ» አለ። «ይህ ዛፍ የየትኛው ብሔረሰብ ነው?»

እንዲህ ያለ ጥያቄ በዚያ ዘመን እንደ ቀልድ አይታይም፤ ለላም፣ ለወንዝ፣ ለሜዳ ሁሉ ባለቤት ይፈለግ ነበር። ለኒም የፈለገ ግን እሱ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።

«ከህንድ አገር የመጣ ዘር ነው ይባላል» አለ አንዱ።

«እንግዲያው መጤ ነው» አለ ባለእስክሪብቶው፣ ነገሩ እንደተቋጨ ሁሉ እየተቀመጠ።

ይሄኔ ባለሱቁ ሰይድ ተነሣ። ሰይድ በሠፈራው ዘመን ከወሎ የመጣ፣ አቦቦ አካባቢ ሲያርስ ቆይቶ ሱቅ የከፈተ፣ ከእኔ ጋር ሰፈር የተጋራ ወዳጄ ነው። ብዙ አይናገርም። «እኔም ከወሎ ነው የመጣሁ» አለ። «እኔስ ልቆረጥ?»

ብዙው ሰው ሳቀ። ሁሉም ግን አልሳቀም፤ ሰይድም ያልሳቀውን አንድ በአንድ አይቶ ተቀመጠ። ኡመድ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ውይይቱ ከአጀንዳው እንዳይወጣ አሳሰበ።

ማማ አቻን እጇን አውጥታ ፈቃድ አልጠየቀችም። ከዓሣ ቅርጫቷ ቀና ብላ፣ «እሺ፣ ቁረጡ» አለች። «ግን መጀመሪያ ስብሰባውን እዚያ ሄዳችሁ ጨርሱ።» በእጇ ያሳየችው ፀሐይ የሚነድበትን፣ አስፋልት ያልለበሰውን የመንገዱን መሃል ነው።

ኡመድ ወጣት ነው፤ በሰው ፊት ተደፍሯል። «እንሂድ!» ብሎ ወደ መንገዱ መሃል ወጣ። እኛም ወጣን። መንግሥት ሲንቀሳቀስ ሕዝብ ይከተላል። እዚያ ቆመን የከተማ ገጽታ ምን እንደሆነ ስናዳምጥ የአንዱ ሽማግሌ መቋሚያ ጋለና ጣለው። የባለእስክሪብቶው እስክሪብቶ ቀልጦ ሸሚዙ ላይ ሰማያዊ ባሕር ሠራ። ኡመድ ግንባሩን እየጠረገ፣ ጉዳዩ ሰፊ በመሆኑ ተጨማሪ ውይይት እንደሚያስፈልገው ገለጸና ስብሰባው ተዘጋ። በከተማችን ታሪክ እንዲህ ቶሎ ያለቀ ስብሰባ አይቼ አላውቅም።

አሸነፍን ብለን ተኛን። በማግስቱ የድምፅ ማጉያ የጫነች መኪና በሰፈራችን እየዞረች፣ ከሕዝቡ ጋር በተደረገ ሰፊ ውይይት ሙሉ መግባባት ላይ መደረሱን አበሰረችን። መግባባቱ ላይ ሲደረስ እኔ ውሃ ልጠጣ ሄጄ ይሆናል። ከመኪናዋ ኋላ መጥረቢያ የያዙ የቀን ሠራተኞች ይከተሉ ነበር። ከታች ጀመሩ። ከታች ማለት ከእኔ ደጃፍ ነው።

ስለ እኔ ዛፍ ብዙ አልልም። ሲወድቅ ቤቴ ድንገት ያነሰ መሰለኝ፤ ቆርቆሮው፣ ስንጥቁ፣ ልጄ በከሰል የሣለው ዶሮ፣ ሁሉ ነገር ተጋልጦ ወጣ። የከተማው ውበት ይህ ከሆነ እሰየው ብዬ ገባሁ። ቀጥሎ የክሊኒኩን ጣሉት፤ እናቶቹ ልጆቻቸውን ይዘው ግድግዳው ሥር በቀረችው በአንዲት ክንድ ጥላ ላይ በሰልፍ ተለጠፉ። ከዚያ የሰይድ ተራ ሆነ። ሰይድ ሱቁ በር ላይ ቆሞ እስኪወድቅ ድረስ ተመለከተ። እኩለ ቀን ላይ ስሄድ ሳሙናው ለስልሶ፣ መደርደሪያው ላይ የነበሩት ሻማዎች ጎንበስ ብለው አገኘኋቸው። «ለመንግሥት እየሰገዱ ነው» አለኝ። ቀልዱን ተናግሮ ፊቱን አዞረ። እኔም ስኳር ልገዛ እንደመጣሁ ረስቼ ተመለስኩ።

ሠራተኞቹ አቻን ዘንድ የደረሱት ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ነው። አለቃቸው ቾል የሚባል የኑዌር ሰው ነበር፤ ትከሻው ሰፊ፣ ግንባሩ ላይ የአዋቂነት ምልክቱ ደርደር ያለ። አቻን ግንዱን ተደግፋ ተቀምጣለች። አልጮኸችም፣ አልለመነችም፣ አልተነሣችምም። ሰዎቹ ደክመዋል፤ አረፍ ብለው ሊጀምሩ ፈለጉ። ታዲያ የት ይረፉ? በመንገዱ ላይ የነበረውን ጥላ ሁሉ ራሳቸው ጨርሰውታል። መጥረቢያቸውን አስደግፈው እሷው አጠገብ ዘፍ ዘፍ አሉ። አቻን ከእንስራዋ ውሃ ቀድታ ለቾል ዘረጋችለት።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም። በዚያ ሰሞን በከተማችን አኙዋና ኑዌር በጎሪጥ የሚተያዩበት፣ አንዱ የሌላውን ውሃ ለመጠጣት ሁለቴ የሚያስብበት ጊዜ ነበር። ቾልም ሁለቴ ያሰበ መሰለኝ። ከዚያ ተቀብሎ እስከ መጨረሻው ጠጣው። ቀጥሎ ሌሎቹም ጠጡ። ከዚያ ማንም አልተነሣም።

ኡመድ በመኪና ደረሰ። «ምን ሆናችሁ ነው የቆማችሁት?»

«መጥረቢያው ዶልዱሟል» አለ ቾል።

«የሌሎቹስ?»

«ሁሉም።»

«ቅድም እኮ ሲቆርጥ ነበር!»

«ቅድም ውሃዋን አልጠጣሁም ነበር» አለ ቾል፣ የመጥረቢያ ስለት ከምን እንደሚሠራ ለልጅ እንደሚያስረዳ ሰው ሆኖ።

ኡመድ ወደ እኔ ዞረ፤ «ቲቸር፣ እባክህ አንድ ነገር በላቸው» ማለቱ ነው። ከመኪናው እስከ ግንዱ እስኪደርስ ላቡ ዓይኑ ውስጥ ገብቶ ነበር። አቻን፣ «ና ተቀመጥ፣ ኡመድ» አለችው። «እናትህ ክሊኒክ የተኛች ጊዜ እዚህ ነው የተኛኸው። ያኔ ጥላው ትንሽ ነበር። አንተም ትንሽ ነበርክ።»

«አውቃለሁ፣ ማማ» አለ ኡመድ። ተቀመጠም። «ግን ታፔላው አይታይም።»

«ምን ይላል ታፔላው?»

ኡመድ የቢሮውን ስም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገራት። ጊዜ ወሰደ። አቻን በጥሞና ሰምታ ራሷን ነቀነቀች። «እሺ፣ አሁን ሰማሁ። ማን ቢጠይቀኝ እነግረዋለሁ።»

ኡመድ ሳያስበው ሳቀ። ሲስቅ የኋላ ወንበሩ ተማሪዬ ተመልሶ መጣ። ሆኖም አለቆች አሉበትና ባዶ እጁን መመለስ አይችልም፤ ታፔላው በጥቂቱም ቢሆን እንዲታይ አንድ ቅርንጫፍ ብቻ እንዲቆረጥ ተስማማ። የቾል መጥረቢያ ለዚያ ያህል ስለት ተገኘለት። ቅርንጫፉ ሲወርድ ከረጅሙ ስም ውስጥ «ቢሮ» የምትለዋ የመጨረሻ ቃል ብቻ ብቅ አለች። እኛም ከዚያ ወዲህ «ቢሮ» ነው የምንለው። ሌላው ስሙ ሲቀያየር እንኳ ይህችኛዋ አልተነካችም።

እንግዶቹ መጡ። የሰይድ ኒም የነበረበት ቦታ ላይ በአዲስ ቆርቆሮ የክብር ዳስ ተሠርቶላቸው ነበር። የቆርቆሮ ዳስ በጋምቤላ! የሠራው ሰው እንግዶቹን ሊያከብር ነው ወይስ ሊያበስል አልታወቀም። የመጀመሪያው ንግግር ሲጋመስ ዋናው እንግዳ ኮታቸውን አወለቁ። ሁለተኛው ሲጀመር ከረባታቸውን ፈቱ። ከዚያ ፕሮግራም መሪው «ቀጥለን…» እንዳለ ተነሥተው፣ የዳሱን ገመድ ተሻግረው፣ በመላው መንገድ ላይ ብቻውን ወደ ቆመው ዛፍ ሄዱ። ሽማግሌ ናቸው፤ ማንም ሊያስቆማቸው አልደፈረም። ማማ አቻን የራሷን በርጩማ አነሣችላቸው። ማንጎ ልጣ ሰጠቻቸው። በሉ። ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩ።

ያን ጊዜ ባለሥልጣኑ ሁሉ ወንበሩን ይዞ ወደ ኒሙ ሮጠ። ድምፅ ማጉያውም ተከተለ። እንግዳው ተቀብለው፣ በብዙ ክልሎች ሲዘዋወሩ እንዲህ ያለ የተፈጥሮ ጥበቃ እንዳላዩ፣ ይህ ዛፍ ለሌሎች አርአያ እንደሚሆን ተናገሩ። «ለመሆኑ ይህን ዛፍ ማን ነው እንዲህ የተንከባከበው?» ብለው ጠየቁ።

ኡመድን አየሁት። ወደ አቻን ዞሮ አፉን ከፍቷል። ይህን እመሰክርለታለሁ። ግን የኡመድ አለቃ ቀደሙት። «በክልላችን የተቀናጀ ጥረት ነው፣ ክቡር ሆይ!» አሉ። ጭብጨባው ቀለጠ። የኡመድ አፍ ባዶውን ተዘጋ፤ እጆቹም ከሁሉ ጋር አጨበጨቡ።

አቻን እጄን ነካች። «ምን አሉ?»

«ዛፉን ያሳደገው ጥረት ነው አሉ» አልኳት።

አሰብ አደረገች። «ጥረት ማን ነው? የማን ልጅ ነው?» አለችኝ። «እዚህ ሰፈር ጥረት የሚባል ሰው አላውቅም።»

እኔም አላውቀውም ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን በየሪፖርቱ አገኘዋለሁ፤ ያልሠራው ሥራ የለም።

እንግዶቹ በሄዱ ማግስት አንድ ከባድ ጥያቄ ተነሣ፤ የተመሰገነ ዛፍ እንዲሁ ይተዋል እንዴ? እንግዳው ተመልሰው ቢመጡስ? እናም እሾሃማ ሽቦ መጣ፣ የብረት ቋሚ መጣ፣ ቁልፍ ያለው በር መጣ። ኒሙ ዙሪያውን ታጠረ። «ወደ ዛፉ መጠጋት በጥብቅ የተከለከለ ነው» የሚል ታፔላ በሚስማር ግንዱ ላይ ተመታ። ዘበኛም ተቀጠረ፤ ቾል። የማማ አቻን ቅርጫት ከአጥሩ ውጭ፣ ፀሐይ ላይ ተቀመጠ።

ኡመድን አግኝቼ ተናገርኩት። «ቲቸር፣ ለዛፉ ደህንነት ነው» አለኝ ዓይኑን ከዓይኔ እያሸሸ።

«ከማን ነው የሚጠበቀው?»

«ከኅብረተሰቡ።»

ለዚህ መልስ ካላችሁ ላኩልኝ።

አቻን ሌላ ቦታ ሂጂ ብትባል አልሄደችም። ሰይድ «ሱቄ ውስጥ ግቢ» ብሎ ለመናት፤ «ዓሣው ሳሙናህን ያሸትብሃል» አለችው። ጨርቅ በራሷ ላይ ጥላ ከሽቦው አጠገብ ትውላለች፤ ቾልም በመመሪያው መሠረት ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ይውላል። ሁለቱ ሰዎች ፀሐይ ላይ፣ ዛፉ ብቻውን ጥላ ውስጥ። ጥበቃ የሚሉት ይህ ነው። ውሃዋን ግን አሁንም ትሰጠው ነበር።

ከዕለታት አንድ ቀን እዚያው ተቀምጣ ሳለ ወደ ጎኗ ዘመም አለች። የደከማት መሰለን። ከዚያ የቾልን ጩኸት ሰማሁ። ስንደርስ ዓይኗ ተገልብጦ ቆዳዋ እንደ እሳት ይፋጃል፤ ላብ እንኳ የላትም። ክሊኒኩ ደጃፍ ጥላ የለም፤ የአጥሩ በር ቁልፍ ቢሮ ነው፣ ቢሮው ስብሰባ ነው። ቾል የማንንም ፈቃድ አልጠበቀም። ያን ሽቦ በባዶ እጁ ወደ ላይ ሰቅስቆ ያዘው፤ ሰይድና እኔ ጎትተን አስገብተን ግንዱ ሥር አስተኛናት። ሰይድ ከሱቁ የለስላሳ መጠጥ ማቀዝቀዣ በረዶውን ሁሉ ገልብጦ አመጣ። የክሊኒኩ ነርስ እየሮጠች ስትመጣ ግን የቾል እጅ መድማት ጀምሮ ሽቦው ሊያመልጠው ነበር። አንድ ሰው ከኋላዬ መጥቶ ተቀበለው። ዞሬ ሳይ ኡመድ ነው። የተተኮሰ ሸሚዙ እጅጌ በእሾሁ ተይዞ እየተቀደደ፣ ነርሷ እስክታልፍ ሽቦውን ከፍ አድርጎ ያዘ። ከዚያም በኋላ አለቀቀውም። ማማ አቻን ዓይኗን ገልጣ «ዓሣዬን ማን ይዞታል?» እስክትል ድረስ እንደያዘው ቆመ።

በማግስቱ ለቾል የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሰው፤ ጥብቅ ዛፍን ለአደጋ አጋልጧል ይላል። የፈረመው ኡመድ ነበር። አትናደዱበት። ሽቦ የሚይዘውና ማስጠንቀቂያ የሚፈርመው ሰው አንድ ነው፤ የሥራ ሰዓቱ ነው የሚለያየው። ለነገሩ ማስጠንቀቂያውን ራሱ ይዞ መጥቶ ለቾል ሲሰጠው፣ ሽቦው ከታች በኩል ላልቶ፣ ሰው ጎንበስ ብሎ ሊያልፍበት የሚችል ቀዳዳ መኖሩን አይቷል። አየ፤ ለቀዳዳው ጥገና ግን እስከ ዛሬ ትእዛዝ አልሰጠም። እናቶች ከክሊኒኩ ልጃቸውን ታቅፈው ጎንበስ ብለው ይገባሉ። ቾል እነሱ ሲያልፉ ወደ ሰማይ ያያል።

አቻን ግን በቀዳዳ አልገባም አለች። «ቤቴ በመስኮት አልገባም» ነው ያለችው።

ዝናቡ ሲጀምር የኒሙ ፍሬ ቢጫ ሆኖ ከአጥሩ ውጭ መርገፍ ጀመረ። አንድ ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ አቻንን ከሰይድ ሱቅ ፊት፣ ከተቆረጠው ጉቶ አጠገብ በርከክ ብላ አገኘኋት። በተቀደደ ጣሳ ያፈላቻትን፣ ከጣት የማትበልጥ ችግኝ ከነአፈሯ ወደ ጉድጓዷ እያወረደች ነበር። ሰይድ ከኋላዋ የእሾህ ሸክም ይዞ ቆሟል። የክሊኒኩ በር ላይም አንዲት አየሁ። እኔ ደጃፍ የደረሰችውን ደግሞ ስወጣ ሳላስተውል ረግጫት ነበርና ስመለስ አቃናኋት።

«ይኸኛውስ ለማን ነው፣ ማማ?» አልኳት ያን ጠዋት፣ ጉቶው አጠገብ ቆሜ።

አፈሩን በመዳፏ መታ መታ አድርጋ፣ ግራና ቀኝ ተመለከተች። መንገዱ ላይ የመንግሥት መኪና አልነበረም። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ለማንም እንዳትናገር፣ ቲቸር» አለችኝ። «ፍየሉን እኔ አባርራለሁ። አንተ ብቻ፣ ሲያድግ ማንም እንዳያመሰግንብኝ ጠብቅልኝ።»